በአራተኛውና በአምስተኛው ዘፈን መካከል

ጥር 11

ውድ እትዬ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ፖስታው ላይ ያለውን ጽሕፈት ሳይ ገና ሳልከፍተው አወቅኩሽ፤ ወንድምሽ የዘፈኖቹን ግጥም ባንቺ እጅ ያስገለብጥ ስለነበር ጽሕፈትሽን ሦስት ዓመት ሙሉ ሳነብ ኖሬያለሁ።

እንዴት ነሽ? እማማስ እንዴት ናቸው? ሠላሳ አንድ ዓመት አንዲት መስመር ሳልጽፍ ቆይቼ ዛሬ ጤና ስጠይቅ እያፈርኩ ነው። በይቅርታ ልጀምር አስቤ ነበር፤ ግን ከየት ተጀምሮ የት እንደሚያልቅ ስላላወቅኩ ተውኩት። እኔ ደህና ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የድምፅ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ አይወዱኝም፤ አልፈርድባቸውም። ወንድምሽ «ኢንስፔክተር» ብሎ ያወጣልኝ ስም እዚህም ተከትሎኝ መጥቷል፤ ማን እንደነገራቸው አላውቅም።

ለጠየቅሽኝ ልመልስ። አዎ፣ ዋናው ካሴት እኔ ዘንድ ነው። አይደለም፣ ለሙዚቃ አሳታሚው ድርጅት ሰውዬ ገና አትፈርሚ።

የነገረሽ እውነት ነው። አልበማችንን፣ «ተራ ጠብቅ»ን፣ በሸክላ እንደገና ሊያሳትሙት ነው፤ የወንድምሽ ወራሾች አንቺና እማማ ስለሆናችሁ ያለ እናንተ ፊርማ አይችሉም። ያልነገረሽ ግን አንድ ነገር አለ፤ አልበሙን «እናጥበዋለን» ይላሉ። የሚታጠብ ነገር ይመስል! አራት ልጆች ነበርን፤ ወንድምሽ ይዘፍናል (ይጮኻል ብትዪም አልከራከርሽም)፣ ቀዩ የምንለው ልጅ ጊታር ይመታል፣ የሶፋ ሠሪው ልጅ ከበሮ፣ እኔ ቤዝ። የከበሮ መቺያችን አባት ሶፋ መሥሪያ ውስጥ ግድግዳውን በስፖንጅ ቁርጥራጭ ሸፍነን፣ ከጣሪያው አንድ ማይክሮፎን አንጠልጥለን ነው የቀዳነው። ዛሬ «ድኅረ-ፓንክ» ይሉናል። ያኔ ቃሉንም ሰምተነው አናውቅም፤ የምናውቀው ጊታራችን እንደማይቃኝና ሁላችንም እንደተናደድን ነበር። ከኛ በኋላ የመጣው ወጣት ባንድ ሁሉ ያንን ካሴት እየገለበጠ ነው ያደገው። ሻካራ ስለሆነ ነው የወደዱት። እነዚህ ደግሞ ሊያለሰልሱት ተነሥተዋል።

በአራተኛውና በአምስተኛው ዘፈን መካከል ዐሥራ አንድ ሰከንድ ዝምታ አለ፤ ከሥሩ አንድ ቀጭን የሰው ድምፅ ይሰማል። አንድ ዶክተር ተብዬ ሃምሳ ገጽ ጽፎበት «የታፈነው ሕዝብ ድምፅ ነው» አለ። የድርጅቱ ባለሙያ ደግሞ «ቆሻሻ ስለሆነ ቆርጠን እንጥለዋለን» አለ። ሁለቱም ደደቦች ናቸው። ነገሩ ቀላል ነው። የቴፓችን ማጥፊያ በደንብ ስለማይሠራ ካሴቱ ላይ ቀድሞ የነበረው ነገር ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፤ ዘፈን የሌለበት ቦታ ላይ ብቅ ይላል። ከዚያ ሌላ ምሥጢር የለውም።

እማማን ሳሚልኝ።

አክባሪሽ
ኢንስፔክተር


ጥር 24

ኢንስፔክተር፣

እንዴት ከረምክ? እኛ አለን። እማዬ ሰማንያ አራት ሞላት። ዓይኗ ደክሟል፣ ጆሮዋ ግን የጎረቤት ሐሜት አያመልጠውም። እኔ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ እሠራለሁ። ኃላፊ ሆኛለሁ፤ ሌሎቹ ያጥባሉ፣ እኔ እቆጣለሁ። ስለዚህ ስለ ማጠብ አታስተምረኝ፤ ምን እንደሚለቅና ምን እንደማይለቅ ካንተ ይልቅ አውቃለሁ።

ለምን አሁን እንደጻፍኩልህ ጠይቀኸኝ አለመጨረስህን አይቻለሁ፤ መስመሩን ሰርዘኸዋል፣ ግን ይነበባል። እነግርሃለሁ። ያኔ የጻፍኩልህ ሰውዬው ፊርማ ስለጠየቀኝ ነበር፤ ካሴቱን ግን እስካሁን ሰምቼው አላውቅም ነበር። እንደወጣ ሰሞን ሥራ ይዤ ሌላ ከተማ ነበርኩ፤ በስምንተኛው ወር እናንተን የጫነው አውቶቡስ ተገለበጠ፣ ወንድሜ ሞተ፣ ከዚያ ወዲያ የወንድሜን ድምፅ የምሰማበት አንጀት አጣሁ። አሁን ሰውዬው ቅጂውን ከማዳመጫ ጋር ላከልኝ። ባለፈው ሐሙስ በምሳ ሰዓት መተኮሻ ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁ። አራቱን ዘፈን ጥርሴን ነክሼ ጨረስኩ። ከዚያ ያ ዐሥራ አንድ ሰከንድህ መጣ።

«እህ፣ እህ» ይላል። ሁለት ጊዜ።

አባዬ ፀጉር ቤት ገብተህ ታውቃለህ። ሳይናገር በፊት ጉሮሮውን ሁለት ጊዜ ይጠርጋል፤ ደንበኞቹ ሳይቀሩ እያስመሰሉት ይስቁበት ነበር። እጄን መተኮሻው ላይ ረስቼዋለሁ። መዳፌ ትንሽ ተቃጠለ፣ ደህና ነኝ።

የማታውቅ ከሆነ ልንገርህ። አባዬ ጉሮሮውን ኦፕራሲዮን ከመሆኑ በፊት ሐኪሞቹ «ከዚህ በኋላ አይናገሩም» አሉት። ወሬ እንጀራው የሆነን ሰው! ፀጉር ቤቱን ዘግቶ ብቻውን ተቀምጦ አንድ ካሴት ቀዳ። ከሆስፒታል ሲመለስ «ስሞት ትሰሙታላችሁ» ብሎ በወረቀት ጻፈልን። በአራተኛው ወር ሞተ። እማዬ «አሁን አልችልም፣ አንድ ቀን አብረን እንሰማዋለን» ብላ ቁም ሣጥን ውስጥ ከልብሷ ሥር ከተተችው። በዓመቱ ቤት ስንለቅ ቁም ሣጥኑን ያራገፍኩት እኔ ነኝ፤ አንድ ጆንያ አሮጌ ዕቃም ጥያለሁ። ካሴቱ የለም።

ከዚያ ወዲህ የአባቴን ድምፅ የጣልኩት እኔ ነኝ። እማዬ በቁጣ እንዳይመስልህ የምትለው። እንግዳ ሲመጣ «ይቺ ትልቋ ናት፣ የአባቷን ካሴት የጣለችው» ትላለች፣ ስሜን እንደምትነግር። ራሴም አምኜዋለሁ። ያንን ጆንያ እስከ ዛሬ በሕልሜ እፈታዋለሁ።

እማዬ ከእንግዲህ ብዙ የላትም። ከመሄዷ በፊት እንዳልጣልኩት ካፏ መስማት እፈልጋለሁ፤ ሌላ የምፈልገው ነገር የለም። ካሴቱ የማን ነው? ፎቶ አንሥተህ፣ ከጀርባውም ከፊቱም፣ ላክልኝ።

እትዬ


የካቲት 6

ውድ እትዬ፣

የፈተና ወረቀት እያረምኩ ስለነበር ዘገየሁ፣ ይቅርታ። እጅሽ እንዴት ሆነ? የሚቀባ ነገር አድርገሽበታል?

የማውቀው ይህን ነው። ሁለት ቀን የቀዳነውን ካሴት ቴፑ በላው። ሦስተኛው ቀን የዕረፍት ቀን ስለነበር ሱቅ ሁሉ ዝግ ነበር። ወንድምሽ ሮጦ ሄዶ አንድ ካሴት አመጣ። ከየት እንዳመጣው አላጣራሁም። ዘጠኙንም ዘፈን በዚያው ቀን እንደገና ቀዳን።

ስለ ድምፁ መጠንቀቅ ይገባል። «እህ፣ እህ» የሚል ሰው ብዙ ነው። በዐሥራ አንድ ሰከንድ፣ በዚያ ጥራት፣ የአንድን ሰው ማንነት ለይቶ ማረጋገጥ በሳይንስ አይቻልም። ይህን የምለው ላስቀይምሽ አይደለም፤ ለእማማ ያልተረጋገጠ ነገር ተነግሯቸው እንዳይጎዱ ነው።

የጠየቅሽኝን ፎቶዎች አብሬ ልኬያለሁ።

አክባሪሽ
ኢንስፔክተር


የካቲት 15

ኢንስፔክተር፣

እጄ ድኗል። ሌላውን ሰላምታ ለዛሬ ተወው።

ፎቶውን የሥራ ቦታዬ መስኮት ላይ ለጥፌ ሦስት ቀን አየሁት። ካሴት እንዳይደመሰስ ተብለው ከጀርባው የሚሰበሩ ሁለት ትናንሽ ጥርሶች አሉ፤ ለያንዳንዱ ጎን አንዳንድ። እዚህኛው ላይ ሁለቱም ተሰብረዋል። አባዬ ነው የሰበራቸው፣ በፀጉር መቀሱ ጫፍ። ካሴቱን ይዤለት የነበርኩት እኔ ነኝ። መናገር ስለማይችል በጣቱ አሳየኝ፤ እንዲህ ከሆነ ማንም ላዩ ላይ አይቀዳበትም ማለቱ ነበር።

አንዱ ቀዳዳ እንደተከፈተ ነው። አንዱ ግን በወረቀት ተወትፎ ፕላስተር ተለጥፎበታል። ፕላስተሩ አራት ማዕዘን ነው። አራቱም ጠርዙ እኩል። ከአራታችሁ ውስጥ ፕላስተር በማስመሪያ ለክቶ የሚቆርጥ ማን ነበር? ወንድሜማ በጥርሱ ነው የሚበጥሰው።

«አላጣራሁም» አልከኝ። አንተ! የወንድሜን ግጥም ነጠላ ሰረዝ ጎደለው ብለህ የመለስክ ሰው! እኔ የጠየቅኩህን ፎቶ እንኳ ብርሃኑን አስተካክለህ፣ አጠገቡ ማስመሪያ አስቀምጠህ ነው ያነሣኸው። ስትዋሽ እንኳ ሥርዓት አስይዘህ ነው።

አሁን ሁለት ነገር ንገረኝ። ምን ሰማህ? ሁለተኛው ቀዳዳስ ለምን ክፍት ቀረ?

ከዚያ በኋላ ለእማዬ የማነብላት ደብዳቤ ለብቻው ጻፍልኝ። እኔ ብነግራት ከራሴ ላይ ለማውረድ የፈጠርኩት ይመስላታል። የተማረ ሰው ሲጽፍላት ታምናለች፤ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለውን እንኳ በደንብ ነው የምታምነው።

እትዬ


መጋቢት 2

ውድ እትዬ፣

ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ ቀድጃለሁ። አምስተኛውን አልቀድም።

ፕላስተሩን የቆረጥኩት እኔ ነኝ።

ካሴቱን ወንድምሽ ሰጠኝ፣ እኔ ቴፑ ውስጥ ከተትኩት። ከመቅዳቴ በፊት ሁልጊዜ አዳምጣለሁ። የአባታችሁ ድምፅ መጣ። መጀመሪያ ስለ ደንበኞቻቸው ቀለዱ፤ ራሱ መላጣ የሆነ ሰውዬ በየሳምንቱ እየመጣ ከጆሮው ሥር ያለችውን ሲያስተካክሉለት መስተዋት በሦስት በኩል እንደሚያስይዛቸው። ቀጥለው ለእማማ ተናገሩ። የመኝታ ቤቱ መስኮት ማጠፊያ እንደላላ፣ ሳይወድቅ እንዲያሠሩት፤ በሽታው ቁጡ ስላደረጋቸው ቂም እንዲይዙባቸው እንደማይፈልጉ። ለወንድምሽ «ፀጉርህን ተቆረጥ፣ የፀጉር አስተካካይ ልጅ ሆነህ ታሳፍረኛለህ» አሉት። ሳቅን። ወንድምሽም ሳቀ። ከዚያ «አሁን ደግሞ ወደ ሴት ልጄ ልምጣ» አሉና እህ፣ እህ አሉ። እዚህ ላይ ቴፑን አቆምኩት።

ያቆምኩት የሰው ደብዳቤ ስለማላነብ ነው። ላንቺ የተነገረውን አራት ጎረምሳ ተሰብስቦ መስማቱ ነውር መሰለኝ። በዚያች ደቂቃ ራሴን ጨዋ ሰው አድርጌ ነበር የቆጠርኩት። ጨዋው ሰው ከዚያ ማስመሪያና መቀስ አነሣ።

«የማን ነው?» አልኩት ወንድምሽን፣ አውቄው።

«የአባቴ ነዋ። ሰማኸው አይደል?»

«ሌላ ካሴት የለም?»

«እናቴ ቁም ሣጥን ውስጥ ቀብራው ነበር። እሱን ማንም አይሰማውም፤ እኛን ግን ይሰሙናል። ቅዳ!»

ቀዳሁ። ካሴቱን ወደ መጀመሪያው መልሼ ነው የቀዳሁበት። እሱን ለመክሰስ አይደለም የምጽፈው። እሱ ተናድዶ ነበር፤ አባቱ ስለሞቱበት፣ እናቱ ስለማይሰሙት፣ አንቺ ስለሄድሽ። እኔ አልተናደድኩም። ፕላስተሩን በማስመሪያ ለክቼ ነው የቆረጥኩት። አምስተኛው ዘፈን ላይ ድምፁ ሲሰነጠቅ የሚሰማው፣ ዓለም ሁሉ የሚኮርጀው ያ ጩኸት፣ እውነተኛ ልቅሶ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የዘፈነው፤ መድገም አልቻለም። «ያንን ድምፅ እንዴት አገኛችሁት?» ብለው ሲጠይቁኝ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ «ማይክሮፎኑ ጥሩ ነበር» እያልኩ መለስኩ።

የቴፑ ቆጣሪ ስንት ላይ እንዳቆምኩ በማስታወሻዬ ጽፌው ነበር። አሁን አውጥቼ አመሳከርኩት። ዐሥራ አንዱ ሰከንድ በትክክል እዚያው ላይ ነው። በዝምታው ውስጥ የምትሰሚው አባትሽ ላንቺ ሊናገሩ ሲጀምሩ ነው። የቀረው አምስተኛው ዘፈን ሥር ነው። ከኔ የተሻሉ ሦስት ባለሙያዎች ጠይቄያለሁ፤ ሊወጣ አይችልም። ምን እንዳሉሽ የሰማ ሰው የለም። ይህን ያደረግኩት እኔ ነኝ።

ሁለተኛው ቀዳዳ ክፍት የሆነው ስላልነካነው ነው። ያ ጎን ባዶ ነበር። አባታችሁ የተናገሩት በአንዱ ጎን ብቻ ነው። ዘጠኙ ዘፈን ሠላሳ ስምንት ደቂቃ፣ አንዱ ጎን አርባ አምስት ደቂቃ። ገልብጠነው ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ይኖሩ ነበር። ይህን ያወቅኩት ከወንድምሽ ቀብር በተመለስኩ ማግሥት፣ ካሴቱን አዙሬ ስከፍተው ነው። ማገላበጥ ብቻ ነበር፣ እትዬ። አላየሁም። እናንተ ቤት ያልመጣሁት፣ ያልጻፍኩት፣ ለዚህ ነው።

የእማማን ደብዳቤ በሌላ ወረቀት ጽፌዋለሁ። ውስጡ አንቺን ነጻ የማያወጣ ቃል እንዳይገባ ተጠንቅቄያለሁ።

ኢንስፔክተር


መጋቢት 21

ውድ እትዬ፣

መልስ አልመጣም። ልጠይቅ መብት እንደሌለኝ አውቃለሁ፤ ግን የእማማ ጤና አሳስቦኝ ነው። ድርጅቱ በፊርማሽ ጉዳይ እየጨቀጨቀኝ ነው፤ ከኔ ምንም ቃል እንደማያገኙና ያንቺን ውሳኔ እንዲጠብቁ ነግሬያቸዋለሁ። ካሴቱን በፖስታ አላምነውም። ከፈቀድሽ ራሴ ይዤው ልምጣ። ደጃፍ ላይ ሰጥቼሽ እመለሳለሁ፤ አልገባም።

ኢንስፔክተር


ሚያዝያ 9

ኢንስፔክተር፣

እማዬ ደህና ናት። አትምጣ። ካሴቱ ለጊዜው አንተው ዘንድ ይቆይ፤ ደጃፍ ላይ ቆመህ ላይህ አልፈልግም፣ ግባ ማለትም አልችልም።

መልስ ያዘገየሁት አኩርፌ ብቻ አይደለም። ደብዳቤህ ከደረሰኝ በኋላ አምስተኛውን ዘፈን በየቀኑ በምሳ ሰዓት ሰማሁት። ከሥሩ ያለውን ለመስማት ነው። እንደማይሰማ ጽፈህልኛል፤ ቢሆንም ሰማሁት። አሁን ቃሉን ሁሉ በቃሌ ይዤዋለሁ፣ የወንድሜን ማለቴ ነው። ይቅርታህን ተቀበልኩ አልልህም። መልሼም አልላክሁልህም።

ለሰውዬው ፈርሜለታለሁ። ዐሥራ አንዱን ሰከንድ እንዳይነኩት በጽሑፍ አስገብቻለሁ። ለሃምሳ ገጹ ዶክተር ግን እንዳትነግረው፤ በሕዝብ ድምፅነቱ ይደሰትበት።

ስለ እማዬ የጠየቅከኝ ይኸው።

የዕረፍት ቀኔ ላይ ነው። ከምሳ በኋላ መስኮቱ ሥር አስቀምጬ «ደብዳቤ መጥቶልሻል» አልኳት።

«ከማን?»

«ከኢንስፔክተር። ከወንድሜ ጓደኛ።»

«ያ ቀጭኑ? ሾርባ ስሰጠው በማንኪያ እያገላበጠ የሚመረምረው?»

«እሱ።»

«አልሞተም እንዴ?»

አነበብኩላት። አንድም ጊዜ አላቋረጠችኝም። ገጹን ሳዞር የውኃ ብርጭቆዋን ገፋችልኝ። ስጨርስ ወረቀቱን ተቀብላኝ በማይታያት ዓይኗ አየችው።

«ጥሩ አድርጎ ጽፏል» አለች። «ውሸቱን ነው።»

«ምኑ ነው ውሸቱ?»

«ልጄ የአባቱን ዕቃ አይነካም። መልስ የሌለው ሰው ላይ ማላከክ ቀላል ነው። አንቺስ ወንድምሽን ሌባ ስታደርጊው ምን ታገኚበታለሽ? ሞቷል እኮ!»

ደሜ ፈላ። ማዳመጫውን አምጥቼ ጆሮዋ ላይ ደፋሁትና አራተኛውን ዘፈን ከፈትኩት። ወንበሩን በሁለት እጇ ያዘች። «ማን ነካው? ምን አድርገውት ነው እንዲህ የሚጮኸው?» ትለኛለች፣ እየጮኸች፤ ጆሮዋ ስለተሸፈነ አይታወቃትም። እኔ ሰዓቴን እያየሁ ነበር።

ዝምታው ሲደርስ ከፊቷ አወቅኩት። ሻሿን አስተካከለች። ቀና ብላ ተቀመጠች።

«አቤት» አለች።

ከዚያ አምስተኛው ዘፈን ገባ፣ ደነገጠች። «መልሺው» አለችኝ። መለስኩት። «አቤት» አለች። ሰባት ጊዜ አስመለሰችኝ፣ ሰባቱንም ጊዜ አቤት አለች፤ አንዴ በቀስታ፣ አንዴ ደግሞ ከወጥ ቤት ሆና እንደምትመልስለት ከፍ አድርጋ። የተጠራሁት እኔ ነኝ። አልነገርኳትም።

«እሱ ነው» አለች በመጨረሻ።

«እሱ ነው፣ እማዬ።»

አጠገቧ ቁጢጥ ብዬ፣ እጇን ይዤ ጠበቅኩ። ማዳመጫውን አወለቀች፣ ገመዱን ቀስ ብላ ጠቀለለችው፣ መዳፌን ፈልጋ አስያዘችኝና ጣቶቼን በላዩ ላይ አጠፈቻቸው።

«በይ፣ ደህና ቦታ አስቀምጪው» አለችኝ። «አሁን እንኳ እንዳትጥዪው።»

«እሺ እማዬ» አልኳት፣ «አልጥለውም።»

እትዬ